ዝምድና፦ የለም

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የዓለምወርቅ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ገብታ ሳለ፣ ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ዮፍታሔ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «አታስብ ኖህ» አለ። «ሴትዮዋ ምንም አይገባትም። የሰጠኋትን ትፈርማለች፤ በቃ።» መጀመሪያ የተሰማት ሐዘኔታ ነበር። የትኛዋ ምስኪን ትሆን ብላ አዘነችላት። ሸጎሌ በኩል ያለች፣ ባል የሞተባት፣ ፊደል ያልቆጠረች አንዲት ደግ ሴት በሐሳቧ መጣችባት፤ ልጁ ሲወጣም ልትቆጣው ወሰነች። ሊጡን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ትናንት ከራት በኋላ ዮፍታሔ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ከስኳር ጣሳው ሥር አስቀምጦ፣ «እታለም፣ ነገ ሰው ሲመጣ እቺን ትፈርሚልኛለሽ» ብሏት ነበር። በዚህ ቤት ዛሬ ወረቀት የምትፈርም ሌላ ሴት የለችም።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው፤ ከዊንጌት ታክሲ መያዣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በሩ አስፋልቱ ላይ የሚከፈት። ድሮ አንድ ክፍል ነበር፤ የዮፍታሔ ድምፅ ሲጎረንን በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ሁለት ሆነ። ኮምፔርሳቶ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይጋርድም። እሷ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ስትደግም የቱ ጋ እንደደረሰች እሱ ያውቃል፤ እሱ ሲገላበጥ እንቅልፍ የነሣው ሐሳብ ይሁን ቁንጫ እሷ ትለያለች። በእሷ በኩል አልጋዋ፣ ቡፌው፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ዱካ አሉ። ከቡፌው በላይ በመስተዋት የተያዘ ፎቶ ተሰቅሏል፦ ዮፍታሔ በጥቁር ጋዋን፣ እሷ አጠገቡ፣ ሁለቱም ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ተኮሳትረው። ለማያውቃቸው ሰው የተጣሉ ይመስላሉ። መሰለች የምትባለው እናቱ የየዓለምወርቅ ታናሽ እህት ነበረች፤ ስትሞት ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ «እታለም» እንጂ ሌላ ብሏት አያውቅም። «ሴትዮዋ»ን ዛሬ ገና መስማቷ ነው።

ቁርሱን ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አየችው። ሁለት ፓስቲ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ፤ እንደ ሁልጊዜው በግራ እጁ። ሸሚዙን ተኩሷል። ስለ ሰማችው ነገር ልትጠይቀው አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር፤ ግን ሰው በጠዋት፣ ያውም የሥራው ቀን በሆነበት ጠዋት፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል? ሻይ ጨመረችለት።  

«ኦዲተሯ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች» አለ በመጨረሻ። «ዘይቱን ከየት ከየት እንደምንሰበስብ ልታይ ነው። ብዙ አታደርቅሽም። በወር የሚወጣው ሃምሳውም ሊትር ያንቺ ነው በያት።»

«የአሪፋስ?»

«አሪፋን አታንሻት፣ እታለም። የሱቋ ንግድ ፈቃድ ገና በሟች ባሏ ስም ነው። እሱ እስኪስተካከል ዓመት ያልፋል።»

«ሌላስ?»

«እ... ሌላ ምንም።» ፓስቲውን ሻይ ውስጥ ነከረ እንጂ ቀና አላለም።

ዮፍታሔ የሚሠራበት ድርጅት ያገለገለ የምግብ ዘይት ይሰበስባል፤ ከሆቴል፣ ከቁርስ ቤት፣ ቺፕስ ከጠበሰ፣ ፓስቲ ከጠበሰ። ዘይቱ በበርሜል ወደ ወደብ ይወርዳል፣ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ባሕር ማዶ ተጣርቶ ተጣርቶ የአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል። የዓለምወርቅ ይህን መጀመሪያ የሰማች ዕለት ልጁ የቀለደባት መስሏት ስቃለች። ቀልድ አለመሆኑን ስትረዳ ግን ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። እዚያ ላይ ሲነድ ፓስቲ ፓስቲ ይሸታል ወይ? አሁን ደግሞ ለመርከብም መሆን ጀምሯል ሲላት፣ መርከቡ የጫነውን ራሱ መንገድ ላይ ቢጠጣው ማን ያየዋል? ዮፍታሔ ግማሹን ይመልሳል፣ ግማሹን «ኧረ እታለም!» ብሎ ያልፈዋል። አንዱን ነገር ግን ሳይሰለች ነግሯታል። ገዢዎቹ ዘይቱን የሚወስዱት ሰርተፍኬት ካለው ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱ ከተገኘ የኮንትራት ሠራተኞቹ ቋሚ ይሆናሉ፤ ካልተገኘ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። የእሱ ኮንትራት ሦስት ጊዜ ታድሷል። ለአራተኛ ጊዜ እንደማይታደስ የቅርብ አለቃው ኖህ ቁርጡን ነግሮታል።

ሁለቱ ጨርሶ ያልተግባቡበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ጀሪካኖቹ ናቸው። የዓለምወርቅ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሦስት ጀሪካን አላት። ነጭ ጨርቅ የታሰረበት የጾም ነው፤ ድንች፣ ፓስቲና የምስር ሳምቡሳ ብቻ የተጠበሰበት። ቀይ የታሰረበት የፍስክ ነው፤ እንቁላል የገባበት ቦንቦሊኖ የተጠበሰበት። አረንጓዴው የአሪፋ ነው። አሪፋ ከታች ባለው ቅያስ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ ሥጋ ሳምቡሳ ጠብሳ ለቁርስ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሥጋው የሙስሊም ሥጋ ስለሆነ ዘይቷ ከየዓለምወርቅ ዘይት ጋር አይነካካም፤ የየዓለምወርቅም ከእሷ ጋር። ይህን ማንም ተቀምጦ አልተነጋገረበትም፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲሁ አደረጉት። ዮፍታሔ በየአሥራ አምስት ቀኑ በድርጅቱ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሲመጣ ሁሌም ይስቃል። «እታለም፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው፤ የሚበላው የለም» ይልና ሦስቱንም አንድ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ይገለብጣቸዋል። እሷ ያኔ ፊቷን ታዞራለች።

የዛሬው ማክሰኞ እንደ ማክሰኞ ጀመረ። ምድጃውን በሩ ላይ አወጣች፣ መጥበሻውን ጣደች፣ ተማሪዎቹ መጡ። «ማዘር፣ ሁለት ፓስቲ!» «ማዘር፣ ቺፕሱ ሚጥሚጣ ይብዛበት!» ፓስቲ አሥራ አምስት ብር ከገባ ወዲህ ልጆቹ አንዱን ለሁለት መካፈል ጀምረዋል፤ እሷም አይታ እንዳላየች ትንሽ ከፍ ያለውን ትመርጥላቸዋለች። ወረቀቱን ከስኳር ጣሳው ሥር አውጥታ ዱካው ላይ አስቀመጠችው፤ እንዳይበር ጭልፋ ጫነችበት። መነጽሯን ፒያሳ ከመንገድ ላይ ነው የገዛችው፤ በግራው በኩል ፊደል ተለቅ ይላል፣ በቀኙ ያንሳል። ምንም አይገባትም ተብላለች እንግዲህ። የማይገባት ነገር ምን እንደሆነ ማየት ፈለገች። አንድ ዙር በጠበሰች ቁጥር አንድ ጥያቄ ታነባለች። ስም። የሥራው ዓይነት። ዘይቱ ለምን አገልግሎት እንደዋለ። በወር ስንት ሊትር፦ ሃምሳ። መልሱ ሁሉ ተሞልቷል፤ ወደ ግራ የሚጋደለው የዮፍታሔ ጽሑፍ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ እጁን ቀይር እያሉ ሲመቱት ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ የተጣላችለት ጽሑፍ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ መነጽሯን አወለቀችና እንደገና አጠለቀች።

ጋሽ ዓምሃ በዚህ ሰዓት አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፤ በየቀኑ ከልጆቻቸው ተደብቀው ሁለት ፓስቲ ይበላሉ።

«ጋሽ ዓምሃ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ‹ዘይቱ ሆን ተብሎ እንዲቃጠል ተደርጓል ወይ?› ይላል። ሰው አዲስ ዘይት ዝም ብሎ ያቃጥላል እንዴ? በዚህ ኑሮ?»

«ያቃጥላላ! እዚያ ማዶ አሮጌው ከአዲሱ ከተወደደ ለምን አያቃጥልም?»

ጣታቸውን በሶፍት ጠርገው አስረዷት። አውሮፕላን ነዳጅ ሲያነድ ዓለምን ያሞቃል፤ ስለዚህ ከመሬት ከተቆፈረው ይልቅ አንዴ ያገለገለ ነገር ያንድድ ተባለ። ሰው ደግሞ ብልጥ ነው። ጫካ መንጥሮ ዘይት የሚሆን ተክል ይተክልና «ያገለገለ ነው» ብሎ ይሸጣል። በርሜል ውስጥ ያለ ዘይት ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ የሚናገርለት ወረቀቱ ነው። «ካንቺ መጥበሻ እስከ አውሮፕላኑ ክንፍ ድረስ ወረቀቱ መበጠስ የለበትም» አሉ። «አንድ ቦታ ላይ ከዋሸ፣ እስከ ላይ ድረስ ውሸት ይሆናል።»

«ከኔ ይጀምራል ማለት ነው?»

«ካንቺ ይጀምራል።»

ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ መዋሸት ምን ያደርጋል። ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ በር ላይ ስትጠብስ ከእሷ የሚጀምር ነገር አለ ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም። ጋሽ ዓምሃን አንድ ፓስቲ ልትጨምርላቸው አሰበችና ስኳራቸው ትዝ ሲላት ተወችው። ደስታዋን እንደያዘች ወደ ሁለተኛው ገጽ ገለበጠች። የመጨረሻው ጥያቄ «ከሰብሳቢው ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል። ከፊቱ፣ ወደ ግራ በሚጋደለው ጽሑፍ፣ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ከሥሩ በጉንዳን ፊደል፣ ዝምድና ካለ ዘይቱን ሌላ ሰብሳቢ እንደሚረከብ ተጽፏል። ምክንያቱ ገባት። አንድም ያልገባት ነገር የለም። መጥበሻው ላይ የነበረው ፓስቲ አረረ፤ አንዷ ተማሪ «ማዘር፣ ተቃጠለ!» ባትላት ኖሮ አታየውም ነበር። ከፋት። ያውም በጣም ከፋት። ያረረውን በወንፊት አውጥታ ዘይቱን ከምድጃው አወረደችና፣ «ዛሬ ለጊዜው አበቃሁ» ብላ ልጆቹን መለሰቻቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ አሪፋ ሱቅ ወረደች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት ፓስታ፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ፣ ከኋላ ትልቁ መጥበሻ። አሪፋ ከምትቆዝምበት ይልቅ የምትስቅበት ጊዜ የሚበዛ ሴት ናት። የዘይቱን ነገር ከሰማች ወዲህ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ከሱቋ ብቅ ብላ፣ «ሳምቡሳዬ አለፈች!» እያለች ሰፈሩን ታስቃለች። የዓለምወርቅ ነገሩን ሳትጠመዝዝ ነገረቻት፦ ወረቀቱ ላይ ስምሽ የለም፤ ሃምሳው ሊትር በኔ ስም ነው፤ አታንሻትም ተብያለሁ። አሪፋ ሊጥ የምትዳምጥበትን ዱላ አስቀመጠች።

«ታዲያ አውሮፕላኑ የሚበረው በማን ነው?»

«በኔ። በወረቀቱ ከሆነ።»

«አጂብ ነው! እኔ ደግሞ ለልጄ ለአይሻ ነግሬያት፣ እሷም ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ተናግራለች እኮ!» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ተይው ዓለሜ» አለች። «ልጅሽ ነው፤ እንጀራው ነው። እኔን ተይኝ፣ እኔ ከሱቄ የሚያወጣኝ የለም። ያንቺ ፊት ግን ለዘይት ብቻ የጠቆረ አይመስለኝም።»

የዓለምወርቅ ሌላውን አልነገረቻትም። ስለ ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ለጎረቤት አይወራም። አሪፋም አልጎተጎተቻትም፤ በሌላ ዘይት ለብቻው ከጠበሰችው የምስር ሳምቡሳ ሁለት ጠቀለለችላትና እጇ ላይ አደረገችላት። ምነው ተቆጥታ በሆነ ኖሮ፣ አለች የዓለምወርቅ ዳገቱን ስትወጣ። የተቆጣ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ይሄኛው ይከብዳል።

ቤት ስትገባ ፎቶው የለም። ከቡፌው በላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ ከሚስማሩ ሥር ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ግድግዳ። የቀረው ግድግዳ በጭስና በዘይት እንዲህ መጥቆሩን እስከዛሬ አላስተዋለችም። ዮፍታሔ በምሳ ሰዓት መጥቶ ሄዷል ማለት ነው። ቡፌው ጀርባ ፈለገች፣ አልጋዋ ሥር ፈለገች። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ አልፋ የፍራሹን ጠርዝ ብታነሣ፣ እዚያ አገኘችው። በሹራብ ተጠቅልሏል፤ ያውም ለበዓል በሚለብሰው ግራጫ ሹራብ፣ መስተዋቱ እንዳይሰበር ዙሪያውን በደንብ ታጥፎ፣ እጅጌዎቹ ከላይ ተቋጥረው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮውን ብዙ አየችው። ሊያወርደው ከጨከነ፣ እንዳይሰበር የፈራለት ምኑን ነው? እንዲገባት የፈለገችው ይህ ነበር። ኦዲተሯም፣ ሊትሩም፣ ሰርተፍኬቱም ለጊዜው ጠፉባት። ፎቶውን እንዳለ መልሳ ፍራሹን አለበሰችውና መሐረቧን አስራ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ኦዲተሯ ሩታ ትባላለች፤ ሠላሳ የማይሞላት፣ ስኒከር ጫማ ያደረገች፣ ቦርሳዋን በደረቷ ያዞረች ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ዮፍታሔ ከኋላዋ ሆኖ ደረቱ ላይ የድርጅቱን መታወቂያ አንጠልጥሏል። በራሱ ቤት በር ላይ ቆሞ አንኳኳ። ከዚያም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ እንደምን ዋሉ?» አላት።

 እርስዎ መባል ክብር ነው፤ ይሄኛው ግን እንደ ጥፊ አረፈባት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ይግቡ። ማን ልበልዎ?»

ጆሮው ቀላ። ኦዲተሯ ከማስታወሻዋ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸውና ዱካው ላይ ተቀመጠች። የዓለምወርቅ ለእንግዳ የሚቀርበውን አቀረበች፤ ትኩስ ቦንቦሊኖ፣ ሻይ። ሩታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች።

«ምነው? ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ? ጾም ነሽ?»

«አይ እናቴ፣ ሥራችን አይፈቅድልንም። ከምንመረምረው ሰው ቤት ምንም አንቀምስም።»

የዓለምወርቅ ይህን ለብቻው አስቀመጠችው፤ ኋላ ታስብበታለች። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነበር፤ እዚህች ልጅ ዘንድ ደግሞ መቅመሱ ነው ነውሩ። ጥያቄው ተጀመረ። በወር ስንት ዘይት ይገዛሉ? ባለ አምስት ሊትሩን ሰባት። ከጠበሱበት በኋላ ስንት ይተርፋል? የዓለምወርቅ ዮፍታሔን አላየችውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ንጹሕ አራት ማዕዘን አየች። «ሃያ ቢሆን ነው» አለች። «ሃያ እንኳ ከሞላ።» ሩታ ወረቀቱን ገለጠች። እዚህ ሃምሳ ይላል አለች፣ ያለ ቁጣ፣ የቤት ሥራ እንደሚያርም ሰው። ሠላሳ አምስት ሊትር የገዛ ሰው እንዴት ሃምሳ ይተርፈዋል? ዮፍታሔ ጉሮሮውን ጠረገ። የዓለምወርቅ ተነሥታ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠችና ሦስቱን ጀሪካኖች በየተራ እየጎተተች አወጣቻቸው።

ስለ ነጩ ነገረቻት፣ ስለ ቀዩ ነገረቻት። አረንጓዴው ጋ ስትደርስ ትንፋሽ ወሰደች። «ይሄኛው የኔ አይደለም። የጎረቤቴ የአሪፋ ነው፤ ከታች ቅያሱ ላይ፣ ፓስታ የሚሸጥበት ሱቅ። ሥጋ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ነው። በወር ሠላሳው የሷ ነው፤ የሱቋ ፈቃድ ግን ገና በሟች ባሏ ስም ነው።»

«ለምን ለያያችሁት?»

«እንዴት አንድ ላይ ይሆናል? አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የሙስሊም ሥጋ የነካው!»

«እሱማ ገብቶኛል» አለች ሩታ፤ የመሳቅ ያህል ሆነች። «ግን የሚበላው የለም እኮ። ለአውሮፕላን ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ? የሚጾም ሰው ተሳፍሮበት ቢሆንስ?»

ሩታ በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ ግን እየሳቀች መጻፏን አላቆመችም። ክዳኖቹን ከፍታ አሸተተች፣ ከእያንዳንዱ በትንንሽ ጠርሙስ ቀዳች፣ የጨርቁን ቀለም ጠርሙሱ ላይ ጻፈች። የእንስሳት ስብ የነካውና ያልነካው ለየብቻ መመዝገብ እንዳለበት ነገረቻቸው፤ ትልልቅ ሆቴሎችን ይህን አድርጉ ብላ ለምና ያልሆነላትን እዚህ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ወደ ዮፍታሔ ዞራ፣ «በርሜሉ ውስጥ ሲገባስ?» ብላ ጠየቀች። ዮፍታሔ ጫማውን እያየ፣ «ይቀላቀላል» አለ። ያንንም ጻፈችው። ምን ያህል እንደምትጽፍ አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ።  የዓለምወርቅ ልጇን እየጣለችው መሆኑን ታውቃለች፤ ሳታውቅ አልነበረም የተናገረችው። ግን ወረቀቱ ከእሷ ይጀምራል ተብላለች፣ አሪፋም ሠላሳ ሊትሯን ተቀምታ ዝም ያለች ሴት ናት፣ ምን ታድርግ?

ሩታ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። ቁጥሩን አርመው የእሷን ሃያ እንዲጽፉ፣ ለአሪፋም የራሷ ወረቀት እንዲሞላላት፣ ፈቃዱ የማን እንደሆነም እዚያው ላይ እንዲብራራ አዘዘች። ፈቃዱ በሟች ስም መሆኑ ይጻፋል እንጂ አይደበቅም አለች። ከዚያም እስክሪብቶውን ለየዓለምወርቅ ዘረጋችላት። የዓለምወርቅ መነጽሯን አጠለቀች፣ የመጨረሻውን መስመር እንደገና አነበበችና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይችን አልፈርምም።»

«የቷን?»

በጣቷ አሳየቻት። ሩታ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፤ «ከሰብሳቢው ጋር ያለዎት ዝምድና፦ የለም።» ቀና አለች። «ትክክል አይደለም?»

 የዓለምወርቅ ቀኑን ሙሉ ለተጠየቀችው ሁሉ እውነቱን መልሳለች፤ ይህን ግን እሷ ልትመልሰው አልፈለገችም። ይህ የራሱ መልስ ነው። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አስፋልቱ ላይ የታክሲ ረዳት ይጮኻል፤ መጥበሻው ውስጥ የቀረው ዘይት እየቀዘቀዘ ነው። ሩታም ጠበቀች፤ መጠበቅ የሚችሉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ እሷ ግን ትችላለች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ሚስማሩን፣ ከሥሩ ያለውን ንጹሕ አራት ማዕዘን አየ።

ዮፍታሔ ብድግ አለ። የሚወጣ መስሎ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር፤ ተመለሰና ኮምፔርሳቶውን አልፎ ገባ። ፍራሽ ሲነሣ ተሰማ። ሹራቡን እንኳ በደንብ ሳይፈታው፣ አንዱ እጅጌ ከጎኑ እየተንጠለጠለ፣ ፎቶውን ይዞ ወጣና ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ተንጋዶ ነበር።  ሩታ ጋዋን የለበሰውን አየች፣ አጠገቡ የተኮሳተረችውን ሴት አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛው ዳር የቆመውን ልጅ አየች።

«ሰርዘህ አስተካክለው» አለችው። «ከጎኑ ፈርም።»

በግራ እጁ ሰረዘ። በግራ እጁ ጻፈ። የዓለምወርቅ ምን ብሎ እንደጻፈ ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ የእጁ ክርን ጋረደባት፤ ሲያነሣው ደግሞ ሩታ ወረቀቱን ስባ ወደ ፊርማው ቦታ አዞረችላት። ልትጠይቅ አፈረች። ፈረመች።

«ሁሉንም ራሳችሁ ስላሳያችሁኝ ማጭበርበር ብዬ አልጽፈውም» አለች ሩታ ቦርሳዋን እየዘጋች። «ጉድለት ብዬ ነው የምጽፈው። ድርጅቱ ለማረም አርባ ቀን አለው። ከዚህ ቤት ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ነው የሚረከበው። ያንተን የሥራ ነገር እኔ አልወስንም፣ ዮፍታሔ። ያየሁትን እጽፋለሁ።» ከዚያ በኋላ ወደ አሪፋ ሱቅ ወረደች፤ ዮፍታሔም አረንጓዴውን ጀሪካን ተሸክሞ ተከተላት።

የዓለምወርቅ ብቻዋን ስትቀር ፎቶውን አቃናችው። አርባ ቀን፣ አለች። ቁስቋም ማርያም በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ያቀፈችው እሷ ነበረች፤ ውኃው ሲፈስበት በግራ እጁ አውራ ጣቷን ጨብጦ ነበር፤ ያኔም ግራኝ ነበር። ቋሚ ይሁን አይሁን ከአርባ ቀን በኋላ ይታወቃል። ሥራውን ቢያጣስ? ያን ጊዜ ለብዙ ሌሊት ይገላበጣል፣ እሷም ትሰማለች። ይህ አስፈራት፤ ከራሷም አልደበቀችውም። ሲመሽ ተመልሶ መጣ፤ የቀረበለትን በላ፤ «ሳምቡሳዬ ስም ወጣላት» ብላ አሪፋ ሰፈሩን እንዳሳቀችው ነገራት።  ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

እሷ ለነገ ዱቄት መንፋት ጀመረች። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ስልኩ ጮኸ። «አቤት ኖህ» አለ ዮፍታሔ። ከዚያ ለረዥም ጊዜ አዳመጠ፤ ኖህ እየጮኸበት እንደሆነ እዚህ ድረስ ያስታውቃል። «አዎ... አርባ ቀን... አዎ፣ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አለ። እንደገና አዳመጠ። የዓለምወርቅ ወንፊቱን ያዝ አደረገች።

«ኖህ» አለ ዮፍታሔ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። «ሴትዮዋ አትበላት።»